የሊቀመንበሩ ውሃ

ቅዳሜ 3

ይህ ደብተር የሆስፒታል ነው። ከፊት በኩል ሙቀቴ፣ የደም ግፊቴ፣ ጠዋትና ማታ የምውጣቸው ክኒኖች ይጻፉበታል። እህቴ በየሳምንቱ መጥታ እንደ ፈተና ወረቀት ታርመዋለች፤ የሂሳብ መምህር ናት፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። የኋላው ገጽ ግን ባዶውን ተቀምጧል። እኔ ደግሞ የሚባክን ነገር አይሆንልኝም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ሰዓት ስጠግን ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከኋላ ወደ ፊት እጽፋለሁ። እሷ የምታየው ቁጥሮቹን ብቻ ነው።

ዛሬ የቀኝ እጄን አመልካች ጣት ቆረጠኝ። ትንሽ ነው። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የዓሣው ገንዳ ውስጥ ያለውን የሰዓት ፊት ስጠርግ የጠርዙ ስባሪ ያዘኝ።

ገንዳውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። እኔ ሱቅ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ደንበኛ ግድግዳው ላይ አርባ ሰዓት ያያል፤ አርባውም የየራሳቸውን ይቆጥራሉ። «ሰው ሲጠብቅ ሰዓት ካየ ይናደዳል፣ ዓሣ ካየ ግን ይረሳዋል» አለችና በዚያ ዝናብ በጋሪ አስጭና አመጣችው። ሳቅሁባት። ወር ሳይሞላ ሰዓታቸው ያልተበላሸ ሰዎች ሁሉ እየመጡ መቀመጥ ጀመሩ። ያኔ ስድስት ዓሦች ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀርቷል። ብርቱካናማ፣ ሆዳም፣ ዝግተኛ። ንግግር ሊያደርግ እንደተነሳ ሰው ወደ መስታወቱ ቀረብ ብሎ አፉን ከፈት ከደን ያደርግና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል። ባለቤቴ «ሊቀመንበሩ» ብላ ሰየመችው።

የሰዓቱ ፊት ደግሞ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የተረፈ ነጭ ሸክላ ነው። ቁጥሮቹ ስለደበዘዙ በገዛ እጇ በቀለም አደመቀቻቸው፣ ሰባቷ ትንሽ አዘነበለች፣ ከዚያ ገንዳው ውስጥ አቆመችው። አረንጓዴ ነገር ይይዘዋል። በብሩሽ ከፈተጉት ቀለሙ ስለሚሄድ በጣት ነው የሚጠረገው። እሷ ጓንት አታደርግም ነበር። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ባዶ እጇን ትከታለች፣ ሊቀመንበሩ ይመጣና ጣቶቿን አንድ በአንድ በከንፈሩ ይነካካል። «ጓንት ያደረገ እጅ ለዓሣ እንግዳ ነው» ትለኝ ነበር። ካለፈች አምስት ዓመት ሆናት። እኔም ጓንት አላደርግም።

ጣቴ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። በፊተኛው ገጽ ላይ አልጻፍኩትም። የተቆረጠ ጣት ሙቀትም አይደለም፣ ግፊትም አይደለም።

ሰኞ 5

እህቴ ደወለች። እንደ ሌላው ሰው «ደህና ነህ ወይ?» አትልም። «ጋሽዬ፣ አደራዬ እንዴት አደረች?» ነው የምትለው። አደራዋ ከሁለት ዓመት በፊት የሰጠችኝ ኩላሊቷ ናት።

«ደህና አድራለች፣ ቁርሷን በልታ ሥራ ገብታለች» አልኳት።

«አደራ በላ እንዳትሆን!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ይህን ስትል ሁልጊዜ እየሳቀች ነው።

ዓርብ 9

ሐኪሙ እረፍት አብዛ ስላለኝ ዓርብ ዓርብ የምሠራው ግማሽ ቀን ነው። ልዘጋ ስል ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው «ያንተ ሱቅ እንኳ ሥራ የሚበዛበት ዓርብ ከሰዓት ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እሱ ከአሥር ቃል ዘጠኙ ቀልድ ነው።

ውሃው ደግሞ እንዴት ይጠራል! ድሮ ባለቤቴ በየሳምንቱ በባልዲ እየቀዳች ትቀይረው ነበር። ካለፈች በኋላ ሦስት ዓመት ከባልዲው ጋር ታግያለሁ። ከኩላሊቱ ወዲህ ግን አንድ ቀን ደፍርሶ አላየሁትም፣ በራሱ ጠራ። አንድ ዓሣ ብቻውን ምን ያህል ያቆሽሻል? አረንጓዴ የሚይዘው የሰዓቱ ፊት ብቻ ነው። እሱን እንኳ ለእኔ የተተወልኝ ሥራ አድርጌ ወድጄዋለሁ።

ማክሰኞ 20

ጣቴ ድኖ ነበር። ዛሬ ወረንጦ ስይዝ የተቆረጠው ቦታ ላይ እብጠት አገኘሁ። የምስር ፍሬ ታክላለች፣ ወደ ወይን ጠጅ የምታደላ፣ አታምም። ለቁልፍ ሠሪው አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያያት ቆየና «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» አለኝ። ሳቅን። ማታ ቤት ገብቼም ትዝ አለኝ፣ ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም።

ሐሙስ 22

ክሊኒክ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት፣ ጣቴን እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጣት ነው የያዘው።

«ቤትዎ ውሻ አለ? ድመት? ወፍ?»

«የለም።»

«አትክልት ይኮተኩታሉ?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን ቆሰለ?»

«ሞላ ወጋኝ» አልኩ። የሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ የሚኖር ስል ብረት ነው፣ ሲያመልጥ ይወጋል። በዕድሜዬ መቶ ጊዜ ወግቶኛል። ስለዚህ ነጭ ውሸት አልዋሸሁም፣ ቀኑን ነው ያሳሳትኩት።

ደግሞ ስለ ዓሣ አልጠየቀኝም። ከሁለት ዓመት በፊትም ከቀዶ ጥገናው ቀደም ብሎ ነርሷ ስትጠይቀኝ ውሻ ድመት ነው ያለችው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቦርሳዋን እየጎረጎረች ነበር፣ እሷም ምንም አላለች። ዓሣ እንስሳ ቢሆን ኖሮ እሷ ታስታውሰኝ አልነበር? ዝም አይነቅዝም።

ብናገርስ? አስወጣው ይሉኛል። የት ነው የማስወጣው? ለማን?

የአሥር ቀን ክኒን ሰጠኝ።

ቅዳሜ 24

እጄን ከተትኩ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ፕላስተሩን ነካካው፣ አልወደደውም። ፈታሁት።

ባለቤቴ የምትመግባቸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። አርባው ሰዓት እርስ በርሱ ሲጣላብኝና የትኛው ትክክል እንደሆነ ሲጠፋኝ ዓሦቹን አይ ነበር፤ ስድስቱም ወደ ላይ ወጥተው ከተሰለፉ አራት ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። አንድ ቀን ይህን ለደንበኛ ብነግረው «እንግዲያው ከአንተ አንድ ዓሣ ልግዛ» አለኝ። እሷ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ያ ሳቅ አሁንም ከዚያው በር በኩል የሚመጣ ይመስለኛል። ከሱቁ ምን ቀረኝ ብዬ ሳስብ ያ በርና ይህ ውሃ ነው። ይናፍቀኛል፣ ሌላ ምን ልበል።

ሰኞ 3

ወሩ ተለወጠ፣ ክኒኑም አለቀ። የጣቴ እብጠት አፍ አውጥታለች። ሌላ አንድ የእጄ ጀርባ ላይ፣ ሌላ አንድ አንጓዬ ላይ። በመስመር ነው የሚወጡት፣ እንደ ዶቃ።

የሴት የእጅ ሰዓት ይዛ የመጣች ልጅ እግር ደንበኛ ፊት ወረንጦው ከእጄ ወደቀ። ሁለት ጊዜ። «ይቆዩና ይሞክሩት» አለችኝ አይታ። በአርባ ዓመት ሰው አዝኖልኝ አያውቅም ነበር።

እህቴ ጉንፋን ይዟታል። ጉንፋን ሲይዛት አጠገቤ አትደርስም፣ ያሰጋኛል ብላ። በስልክ «እስክድን አልመጣም፣ አንተም ሱቅ ውስጥ ብዙ ነገር አትነካካ» አለች። ብዙ ነገር ምንድን ነው?

ሐሙስ 6

ከእብጠቷ ቆርጠው ላቦራቶሪ ላኩት። ክሬቲኒን 1.4። ይህ የኩላሊቱ ቁጥር ነው፣ ዝቅ ሲል ደግ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ 1.1 ላይ እንደ ጥሩ ሰዓት ቆሞልኝ ነበር።

ነርሷ ቁስሉን በፋሻ ስትጠቀልልልኝ «አባቴ፣ ያልነገሩን ነገር አለ?» አለች።

«ምን አለ ብለሽ?»

«እንጃ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

ፋሻው ጠበቀ አልኳት። አላላችልኝ።

ቅዳሜ 15

ውሃው ደፈረሰ። ሁለት ዓመት የጠራ ውሃ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ሻይ ሆነ። ሊቀመንበሩ ከላይ ተንጋሎ አየር ይለቅማል።

ባልዲ ፍለጋ ከጓዳው መታጠቢያ ሥር ጎንበስ ስል ከባልዲው ኋላ ቢጫ የጎማ ጓንት አገኘሁ። ረጅም፣ እስከ ክርን የሚደርስ። አውራ ጣቱ ላይ በብስክሌት ጎማ ልጣፍ ተለጥፏል፣ ሁለት ጊዜ። ውስጡ ገና እርጥበት አለው።

የባለቤቴ መሆን አይችልም፣ እሷ ጓንት አታደርግም ነበር። ጽዳት የሚሠራ ሰው ረስቶት ይሆናል። ሱቁን የሚያጸዳልኝ ሰው የለም፣ ቢሆንም። መልሼ ባልዲው ኋላ አኖርኩት።

ውሃውን በባዶ እጄ ቀየርኩ። ስምንት ባልዲ። ፋሻው ራሰ፣ ጣልኩት። አንጓዬ አብጦ የእጅ ሰዓቴን ማሰር አልቻልኩም፤ ግራ እጄ ላይ አሰርኩት፣ ለወትሮው በቀኝ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። እህቴ ብትሰማ ምን ትላለች?

ሐሙስ 20

እህቴ ድናለች፣ አብራኝ ክሊኒክ መጣች። ሐኪሙ ወረቀቱን እያገላበጠ «ላቦራቶሪ ላይ ምንም አልበቀለም» አለ። ደስ አለኝ። እሱ ግን ደስ አላለውም።

ቀጠለና ክሬቲኒን 1.8 ሆኗል አለ። እብጠቱ ክርኔ ጋ ደርሷል። ምን እንደሆነ ሳያውቅ መዋጋት እንዳለበት፣ ሰውነቴ ራሱን እንዲከላከል ደግሞ ኩላሊቷን የሚጠብቀውን መድኃኒት መቀነስ ሊኖርበት እንደሚችል ነገረን።

«ከቀነሳችሁት?» አለች እህቴ።

«ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ ሊያባርረው ይችላል። ልዋሻችሁ አልችልም።»

እሷ እጇን ወደ ጎኗ ወሰደች፣ ጠባሳዋ ወዳለበት። እንደወሰደች የምታውቀው አይመስለኝም። እኔ ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ዓሣ አለው» አለች። «ሱቁ ውስጥ፣ በገንዳ። እጁን ይከታል።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የቲቢ ዘመድ የሆነ ተህዋስ አለ» አለ። «ዓሣ ገንዳ ውስጥ ይኖራል፣ በቁስል ይገባል። ጤነኛ ሰው ላይ ጣት ላይ እብጠት ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ግን ለኩላሊቱ ሲባል ዘበኞችዎን አስተኝተናቸዋል። ደግሞ ሙቀት አይወድም። እኛ በሰው ገላ ልክ አሙቀን ጠበቅነው፣ አልበቀለም። ባውቅ ኖሮ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡልኝ እል ነበር።»

አንድ ወር ጠፋ። አልጋ ያዙልኝ።

ቅዳሜ 22

ሆስፒታል። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ሆኗል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዚህ ሰዓት እጄን ከትቼ ነበር የምገኘው። ክፍሉ ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ በአራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጥዋት ነርሷን «ላስተካክለው?» ብላት «መጀመሪያ እርስዎ ይስተካከሉ» አለችኝ።

እህቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላናገረችኝም። ትመጣለች፣ ሾርባውን ታስቀምጣለች፣ የፊተኛውን ገጽ ታያለች፣ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ በሩ ላይ ቆማ፣ ለእኔም ለራሷም እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችና ወጣች።

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ትዝ ይለኛል። ሁለታችንንም ጎማ ባለው አልጋ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን አቁመውን ነበር፣ አረንጓዴ ቆብ አድርገን። ሳያት ሳቄ መጣ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናታችን ፀጉሯን ስታጥባት የምታደርግላትን ፎጣ አስታወሰኝ። «ምን ያስቅሃል?» አለች። «ምንም» አልኩ። «አደራ እልሃለሁ» አለች፣ ያኔ እየሳቀች አልነበረም። «እድሜህን ሙሉ ለሰው ሰዓት የምትጠነቀቀውን ያህል ተጠንቀቅላት። አደራ በላ እንዳትሆን።» ከዚያ እሷን ቀድመው ወሰዷት።

እኔ ለሰው ሰዓት እጠነቀቃለሁ። ጨርቅ ዘርግቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምከፍተው። የእህቴን ኩላሊት ይዤ ግን በቆሰለ እጄ ውሃ ውስጥ ገባሁ፣ ያውም ደጋግሜ፣ ያውም እየዋሸሁ። ጣቴ አንድ ወር ስትጮህብኝ ዝም አይነቅዝም አልኩ። ነቀዘ። አደራ በላ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ማክሰኞ 25

ሙቀት 38.9። አዲሱ መድኃኒት ሆዴን ገለበጠው። ሽንቴ ብርቱካናማ ሆነ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው አሉ። አዲሱ መድኃኒት ከኩላሊቷ መድኃኒት ጋር ይጣላል፣ በየቀኑ ደም እየቀዱ ያስታርቃሉ። 2.0።

ቅዳሜ 29

ጣቴን ከፍተው አጸዱት። ሐኪሙ አጥንት አልገባም አለ፣ ጣቱ ይቀርልዎታል አለ፣ መታጠፉን ግን እንጃ።

2.2።

እህቴ ቁጥሩን ስታይ ኮሪደር ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ጉንፋኑ አልለቀቀኝም» አለች። ጉንፋን ቢሆን አጠገቤ አትደርስም ነበር።

ሐሙስ 4

ተህዋሱ በቀዝቃዛው ቦታ በቀለ። እሱው ነው። ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ሎተሪ የደረሰው ነው የሚመስለው።

2.1። ወርዷል? አንድ ነጥብ ናት። ሰዓት ሲቆም አንዳንዴ የምትወዛወዝ ጥርስ አለች፤ ትሠራለች ማለት ላይሆን ይችላል።

ቅዳሜ 6

1.9። እህቴ ደብተሩን ወሰደችው፣ ቁጥሮቹን በሥዕል አድርጌ ላያቸው ነው ብላ። ከኋላው ምን እንዳለ የማታውቅ መስሎኝ ሰጠኋት። አይ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ረስቼው ነው የሰጠኋት። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ሰኞ 8

ደብተሩ ተመለሰ። ትራስጌዬ አስቀምጣው ሄዳለች።

ከኋላ ወደ ፊት ሁሉንም አርማዋለች። በቀይ።

የመጀመሪያው ቀን ላይ «እሷ ጓንት አታደርግም ነበር» ያልኩትን ሠርዛ ከጎኑ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ታደርግ ነበር። ቢጫውን እኔ ነኝ የገዛሁላት። አንተ ስትመጣ ስትሰማ አውልቃ ከባልዲው ኋላ ትከተው ነበር። ለምን ስላት ባዶ እጄን ውሃ ውስጥ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ያሳዝነኛል አለችኝ። የእንግዳውን ተረት የፈጠረችው ለአንተ ነው።»

ይህን አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

«በራሱ ጠራ» የሚለው ሥር ሁለት ቀይ መስመር አለ፣ ከዚያ «በራሱ?» የሚል አንድ ቃል። ቀጥሎ፦ «ዓርብ ከሰዓት ክፍል የለኝም። ሁለት ዓመት። ቁልፉን ጎረቤትህ ነው የቀረጸልኝ። የሷን ጓንት ነው የማደርገው፣ ሁለቴ አስለጥፌዋለሁ። የሰዓቱን ፊት የማልነካው ቀለሟ እንዳይሄድ ነው። አንተ ግን እጅህን ትከታለህ ብዬ አላሰብኩም። ውሃው ከጠራ ምን ይነካዋል አልኩ።»

በአንድ ኩላሊት፣ በየሳምንቱ ስምንት ባልዲ።

«ስለ ዓሣ አልጠየቀኝም» ያልኩት ጋ ደግሞ ፊደሏ ጠቧል፦ «የሰጡን ወረቀት ላይ ነበረ፣ አራተኛው መስመር። አንተ ሳታየው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገንዳውን ብናወጣ ሱቁን ዳግም እንደማትከፍት፣ ሱቁን ካልከፈትክ ደግሞ ኩላሊት ምንም እንደማይጠቅምህ አስቤ ነው። ጥፋቱ ለሁለት ይካፈላል፣ ቀሪ የለውም።»

የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀን ላይ «አደራ በላ ነኝ» ያልኩትን በመስመር ብቻ አልሠረዘችውም፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የፈተገችው። ከላዩ «አልበላህም። ገና አለች» ይላል።

መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ከበባ ሠርታ «ከአሥር አራት፤ እሱም ለእጅ ጽሑፍ» ብላለች። በግራ እጄ የጻፍኩት ነው። ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀሴን አጠገቤ ያለው በሽተኛ ሲጠይቀኝ ነው ያወቅሁት።

አመሻሽ ላይ መጣች። ስለ ደብተሩ አንዳችንም አላነሳንም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «አደራዬ እንዴት ዋለች?» አለች።

«1.7» አልኳት።

ሐሙስ 18

ወጣሁ። መድኃኒቱ ገና ብዙ ወር አለው።

ሱቁን ስከፍት ገንዳው የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አራት ማዕዘን ንጹህ ቦታ ብቻ አለ፣ ዙሪያውን አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ አቧራ። ቁልፍ ሠሪው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አልቀለደም። «እኔና እህትህ በጋሪ ነው የወሰድነው፣ ከነግማሽ ውሃው» አለኝ። «ባለቤትህ ያመጣችበት ቀን ልክ እንዲህ ይዘንብ ነበር፣ ታስታውሳለህ?»

አስታውሳለሁ። ማስታወስ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። አሁን ግን እጇን ሳስብ ቢጫውን አላብሰዋለሁ፣ መልሼ አወልቀዋለሁ። የእግሬን ኮቴ ሰምታ በጥድፊያ ስታወልቀው፣ እርጥቡን እጇን መልሳ ስትከተው፣ እኔ ስገባ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀና ስትል ይታየኛል። ይህኛው ይበልጥ እሷን ይመስላል።

ጣቴ አይታጠፍም። የሴት ሰዓት በቃኝ፤ የግድግዳ ሰዓት እሠራለሁ፣ ለእሱ ሦስት ጣት ይበቃል። ከሰዓት አንድ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ቆየና ግድግዳውን አይቶ ተናደደ።

ቅዳሜ 4

ሌላ ወር። 1.3። እህቴ ቁጥሩን ራሷ ነው ፊተኛው ገጽ ላይ የጻፈችው፣ በቀይ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምራ።

ትምህርት ቤቷ ወሰደችኝ። ተማሪ የለም፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ገንዳው ከሰሌዳው ጎን መስኮቱ ሥር ነው ያለው። የሰዓቱ ፊት ከነበረበት ተደግፎ ቆሟል። ተማሪዎቹ በብሩሽ አጥበውት ቁጥሮቹ አልቀዋል፣ ሰባቷ ብቻ ግማሽ ቀርታለች፣ እንዳዘነበለች። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

እህቴ ካፖርቷን አወለቀች፣ ቢጫውን ጓንት እስከ ክርኗ ሳበች፣ ልጣፉን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችና እጇን ከተተች። ሊቀመንበሩ ከጥግ ተነስቶ በዚያ ዝግታው መጣ። ጓንቱን ዞረው። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ በከንፈሩ ነካካቸው፣ ከትንሿ ጀምሮ፣ ልክ እንደ ድሮው።

«ልጠጋ?» አልኳት።

«እዚያው ሁን።»

ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ እዚያው ቆምኩ።